የእናቴን አረም የሚቆጥር መጠይቅ የቱ ነው?

የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነው፤ ታብሌት ይዤ ብዙ ቀበሌ ዞሬያለሁ። እናቴ ደግሞ ቃሉ ወረዳ፣ ከሐርቡ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የምትኖር ገበሬ ናት። ስለዚህ አዲስ መጠይቅ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማስበው አንድ ነገር ነው። ይሄ ፎርም እናቴ ዘንድ ቢሄድ ድካሟን ይቆጥርላታል?

የግብርና ጉልበትን የሚለኩ ሦስት ዓይነት ጥናቶችን በዚሁ ዓይን አይቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የሠራተኛ ኃይል ጥናት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ2005፣ በ2013 እና በ2021 ተካሂዷል። እንዲህ ዓይነት ጥናት በመላው ዓለም የሚጠይቀው ባለፉት 7 ቀናት ቢያንስ 1 ሰዓት ሠርተህ እንደሆነ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ደመወዝተኛ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለገበሬ ግን ሁሉም ነገር በየትኛው ሳምንት እንደተጠየቀ ይወሰናል። በነሐሴ የተጠየቀና በየካቲት የተጠየቀ ገበሬ አንድ ሰው አይመስልም።

ደግሞ «ሥራ» የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለው። አንድ ድርጅት ባሠራን ጥናት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዤ ኩታበር አካባቢ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። «እናቴ፣ አንቱ ባለፉት 7 ቀናት ሥራ ሠርተዋል?» አልኳቸው። «ኧረ እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ ቤት ነው የምውለው» አሉኝ። ሌባ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ምን ነካዎት ስላቸው፣ «አረም ቆርጦኝ» አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ስንዴ ሲያርሙ ነው የከረሙት! ታብሌቱ ግን «አልሠራሁም» የሚለውን ይዞ ወደሚቀጥለው ገጽ ሊያልፍ ነበር። ፎርሙ «አርመዋል? አጭደዋል? ወፍ ጠብቀዋል?» ብሎ ሥራውን በስሙ ቢጠራ ኖሮ ይሄ አይፈጠርም ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አዲስ ደንብ አወጡ። ለራስ ፍጆታ ማምረት ሥራ መሆኑን ደንቡ ይቀበላል፤ እንደ ሥራ ስምሪት የሚቆጠረው ግን ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራው ብቻ ነው። እናቴ ማሾ የምታመርተው ለገበያ፣ ማሽላ የምታመርተው ለቤቷ ነው። ወገቧ ግን ለሁለቱም እኩል ነው የሚጎብጠው። ለእናቴ ዓይነቱ ገበሬ ከ5 ኮከብ 2 እሰጠዋለሁ።

ሁለተኛው፣ እኔ አብዝቼ የምጠቀምበት፣ የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ነው። ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2011/12 ተጀምሮ በየጊዜው ሲደገም ቆይቷል። ውሂቡን ተመዝግቦ በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዘር በኋላ አንዴ፣ ከአዝመራ በኋላ ደግሞ አንዴ ይጠይቃል። ማሳ በማሳ እየሄደ ከቤተሰቡ ማን እንደሠራ፣ ስንት ሳምንት፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት ይላል። ለቅጥር ጉልበት ወንድ፣ ሴትና ልጅ ለየብቻ ይመዘገባል። ያለ ክፍያ የመጣውም ጉልበት ቦታ አለው፤ ወንፈልና ደቦ ባለበት አገር ይሄ የግድ ነው።

የሚያሳስበኝ ማባዛቱ ነው። ገበሬው «6 ሳምንት፣ 6 ቀን፣ 8 ሰዓት» ካለ 288 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ጁምዓው የት ሄደ? ለዱዓ የሚሰበሰቡበት ወዳጃው፣ ለቅሶው፣ ገበያው፣ ዝናብ ያስተጓጎለው ቀንስ? የክርስቲያኑ ጎረቤት ሚካኤልና ማርያምም አሉ። ሰው የሚያስታውሰው የከበደውን ሳምንት ነው፤ ፎርሙ ያንን በሁሉም ሳምንት ያባዛዋል።

ይሄ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች በታንዛኒያ የማራ ክልል ገበሬዎችን በቡድን ከፍለው፣ ከፊሎቹን በየሳምንቱ፣ ከፊሎቹን በእርሻ ወቅቱ መጨረሻ ጠይቀው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። መጨረሻ ላይ የተጠየቁት በአንድ ሰው በአንድ ማሳ የተናገሩት ሰዓት እስከ 4 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። በሌላ በኩል ማሳም ሠራተኛም ይረሳሉ። ስለዚህ የእርሻው ጠቅላላ ድምር ያን ያህል አይዛባም፤ ስህተት በስህተት ይጣፋል። የማን ጉልበት ተረሳ የሚለው ግን አይጣፋም።

ሦስተኛውን ዘዴ ራሴ ሞከርኩት። አምና ከሐምሌ እስከ መስከረም ማብቂያ በየእሁዱ ማታ ለእናቴ እየደወልኩ ሳምንቱን ቀን በቀን ጠየቅኳት። ደብተር ላይ ነው የጻፍኩት። አብዛኛውን ሳምንት ማሳ የገባችው ሦስት ወይም አራት ቀን ነበር፤ ከረፋድ እስከ ዙሁር። በኅዳር ጤፉ ሲታጨድ ሆን ብዬ እንደ ፎርሙ ጠየቅኳት። «ክረምቱን ሙሉ ሳርም ነው የከረምኩት» አለችኝ። ከወንዙ ዳር ያለችውን ቁራጭ መሬት ግን ጨርሶ አላነሳችም። ደብተሬ ላይ እዚያች መሬት ላይ አምስት ቀን አርማለች። ሳስታውሳት፣ «እሷማ ምን አላት ብለሽ ነው ልጄ» አለች። ታንዛኒያ የታየው ነገር ሐርቡ ላይ እናቴ አፍ ውስጥ አገኘሁት። ሳምንታዊው ስልክ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። አንዱን የቀነስኩት ወጪው ስለሚከብድና ኔትወርክ በማይደርስበት መንደር ስለማይሠራ ነው።

ሁለተኛውን፣ ማሳ በማሳ የሚጠይቀውን ጥናት፣ ከ5 ኮከብ በ3 ተኩል ነው የምተወው። ግማሽ ኮከቧን የቀነስኩት በዚሁ ዓይነት መረጃ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ስሌት ስላለ ነው። በ6 የአፍሪካ አገሮች ሴቶች ለሰብል ምርት ከሚውለው ጉልበት በአማካይ 40 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ በኢትዮጵያ 29 በመቶ ነው ይላል። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድ ስለሆነ ዝቅ ማለቱ አይገርመኝም። ግን ለደቦው ንፍሮ የቀቀለችው፣ ቡና ያፈላችው፣ ውሃ ተሸክማ ማሳ ድረስ ያደረሰችው እዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም። ያለ እሷ ደግሞ ደቦ አይቆምም። ብዙ ቦታ መልስ የሚሰጠውም አባወራው ነው። መጠይቁን የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ራሷን ጠይቋት፤ ሥራውንም በስሙ ጥሩላት።

የወንዙ ዳር ቁራጭ ዘንድሮ ማሾ ተዘርቶባታል። እሁድ ማታ እደውላለሁ።