ለላስ ቬጋሱ የመሣሪያ ትርኢት ጉዞ ቀብድ የምትከፍሉ ሰዎች፣ ፎርማችሁን አስነብቡ

ጅማ ውስጥ የመሣሪያ ነገር ለምንወድ ሁሉ፣ በተለይም ከአያት የወረሱትን ጠመንጃ እየወለወሉ ለሚያስቀምጡ። «ላስ ቬጋስ የሚካሄደውን ታላቁን የመሣሪያ ትርኢት እናሳያችኋለን፣ ቪዛውን ለእኛ ተዉት» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ቀብድ አትስጡ። እኔ 120 ሺህ ብር ሰጥቻለሁ፤ እስካሁን አንድ ብር አልተመለሰልኝም። ከገንዘቡ የባሰ ጉዳት ግን ለጥቂት ነው ያመለጠኝ፤ የምጽፈውም ይበልጡን ስለ እሱ ነው።

አናጢ ነኝ። እንጀራዬ የዋንዛ ቁም ሣጥንና ባርጩማ ነው፤ ልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የጠመንጃ ሰደፍ ላይ ነው። ትልልቆቹ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እያሉ ሲያወሩ ሰምቼ አደግሁ። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ»፣ ለበን ደግሞ «ሌበል» መሆኑን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። ቤልጅግን የሠራው የቤልጅየሙ የሄርስታል ፋብሪካ ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑን ስሰማ የዛሬ ሰደፎቹን በእጄ ዳስሼ ማየት ህልሜ ሆነ። ደላላው ያገኘኝ በዚህ ፍቅሬ በኩል ነው።

ቢሮው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነበር። ግድግዳው ላይ የትርኢቱ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። ጠቅላላ ዋጋው 350 ሺህ ብር፣ ቀብዱ 120 ሺህ። ቪዛው የተረጋገጠ ነው አለኝ። በመጨረሻው ቀን ለእይታ የቀረቡት መሣሪያዎች በቅናሽ ይሸጣሉ፣ ተኩሰህም ትሞክራለህ፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩንና መለዋወጫውን በሻንጣ ይዘህ ትመለሳለህ አለኝ። አመንኩት። የሰጠኝ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፤ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ የሰፈረው «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» የሚል ብቻ ነው። ላስ ቬጋስ የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ያኔ ይህንን ልብ ማለት ነበረብኝ።

ነገሩን ያወቀችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደላላው የቪዛ ማመልከቻውን ሞልቶ ላከልኝና «ላክ የሚለውን ብቻ ተጫን» አለኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ እንድታነብልኝ ሰጠኋት። ስታነብ ቆየችና ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የመሣሪያ ሱቅ ከፍተዋል እንዴ?» አለችኝ። ሙያ በሚለው ቦታ ላይ «የጦር መሣሪያና የአደን ዕቃ መሸጫ ባለቤት» ተብዬ ተጽፌአለሁ። አድራሻው የእንጨት ሥራ ቤቴ ነው። የወር ገቢዬ ተብሎ የተሞላው በዓመት እንኳ የማላገኘው ገንዘብ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳደረገ የገባኝ ስለ ትርኢቱ ራሱ ካጣራን በኋላ ነው። ሾት ሾው የሚባለው ይህ ትርኢት የተጀመረው በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በየዓመቱ በጥር፣ በእኛ ጥምቀት ሰሞን ይካሄዳል፤ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይገኝበታል። ግን ለሕዝብ ክፍት አይደለም። «ሾት» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ (SHOT) የመጨረሻው ፊደል ራሱ «ንግድ» (Trade) ለሚለው ቃል የቆመ ነው። የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የመሣሪያ ኢንዱስትሪ የንግድ ማኅበር ነው፤ የሚገባውም አምራች፣ ነጋዴ፣ ገዢ፣ የዘርፉ ጋዜጠኛ ወይም የጸጥታ አካል ባልደረባ ነው፤ ለዚያውም በዘርፉ ለመሥራቱ ማስረጃ አቅርቦ። ወዳጅ ነኝ፣ ደስ ይለኛል ብሎ መግባት የለም። ስለዚህ ደላላው እኔን ለማስገባት ነጋዴ አደረገኝ።

የሽያጩም ወሬ ውሸት ነው። ትርኢቱ ውስጥ መሣሪያ ገዝቶ ይዞ መውጣት የለም፤ ለእይታ የሚቀርቡት ጠመንጃዎች ጥይቱን የሚመታው መርፌያቸው ወጥቶ ነው የሚቀመጡት። የተኩስ ሙከራው ከትርኢቱ በፊት ከከተማ ውጭ ለተጋበዙ ሰዎች ብቻ የሚዘጋጅ ነው። ወደ አገር ቤት መሣሪያ ወይም ጥይት ያለ ፈቃድ ማስገባት ደግሞ በእኛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስቀጣል። ደላላው ይህንን ሁሉ «እኛ እናመቻቻለን» በሚል አንድ ቃል ነው ያለፈው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ማመልከቻውን ማንም ይሙላው ማን፣ በፊርማው ተጠያቂው አመልካቹ ነው። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሲባል ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ሰው ለዘለቄታው ቪዛ ሊከለከል ይችላል። ያንን ቁልፍ ተጭኜው ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው መስኮት ፊት ቆሜ ስለሌለኝ ሱቅ ልጠየቅ ነበር። እዚያው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የምትኖር ልጄን አንድ ቀን ሄጄ ማየት የምፈልግ አባት ነኝ። ለአራት ቀን ትርኢት ብዬ የልጅ ልጆቼን በር በገዛ እጄ ልዘጋ ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሄጄ ገንዘቤን ጠየቅሁ። «አባባ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሞላው፣ አይፍሩ» አለኝ። እምቢ ስል «እንግዲያው ጀርመን፣ ኑረንበርግ እንውሰድዎት» አለኝ። እሱም ከ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ያለ የነጋዴዎች ትርኢት ነው፤ ያው ውሸት በሌላ አገር ስም ነው። ቀብዱን ግን «ለኤምባሲ ተከፍሏል» ብሎ ደመደመው። የጎብኚ ቪዛ የማመልከቻ ክፍያ 185 ዶላር ነው፤ በእርግጥ አይመለስም፤ ግን 120 ሺህ ብር አይደለም። የክፍያውን ማረጋገጫ አሳየኝ ብለውም አላሳየኝም። ጉዳዩን ለፖሊስ አመልክቻለሁ፤ ደረሰኙንና ማመልከቻውን አትሜ አያይዣለሁ።

ከሰሞኑ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ለዚሁ ጉዞ ከቡና ሽያጫቸው ቀብድ ሊከፍሉ መሆኑን ሰምቼ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት። ከእነሱ አንዱ ከሆናችሁ ገንዘቡ ገና በእጃችሁ ነው። የከፈላችሁም ብትሆኑ ማመልከቻውን ሳትልኩ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ለምታምኑት ሰው ስጡት፤ ሙያ የሚለውን መስመር ቃል በቃል ይንገራችሁ። ወደ ፖሊስ መሄድ ከፈለጋችሁ የእኔን ማስረጃ ይዤ አብሬአችሁ እሄዳለሁ።