ሰማያዊ ብዬ የገዛሁት ስልክ

ስልኩ ይሠራል። ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ያደርሳል፤ ካሜራው በምሽት ብርሃንም ቢሆን አያሳፍርም፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ታዲያ ስልኩ ምን አደረገሽ?» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ባትሪም ስለ ካሜራም አንድ ቃል አልጨምርም። ጉዳዬ ከቀለሙ ጋር ነው።

ስገዛው ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሰማያዊነቱ ይወጣል። ከጎኑ ብርማና ነጣ ያለ ሮዝ ተደርድረው ነበር፤ ሦስቱም በዋጋ እኩል፣ በአቅም እኩል ናቸው። እኔ ሰማያዊውን የመረጥኩት ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ የሸጠልኝን ቤትም እንዲሁ፤ የአሉሚኒየም ስልክ የሚሠሩት ሁሉ ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉምና።

ዛሬ፣ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ አራቱም ማዕዘኖች ነጭ ብረት ሆነዋል። የቻርጀር ማስገቢያው ዙሪያ ተቦርቡሯል። ካሜራው ከጀርባው ከፍ ብሎ በወጣበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይዞራል። የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ መሃሉ ገርጥቷል። ሰፊው ጀርባ ግን ከጥቂት መስመሮች በቀር ሰማያዊ ነው፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሁሉም እኩል ቢደበዝዝ ኖሮ አረጀ ተብሎ ይታለፍ ነበር። አሁን ግን ባለቤቱ በየግድግዳው እየላተመው የሚኖር ስልክ ይመስላል፤ እኔ ደግሞ በዕቃ አያያዝ የምታማ ሰው አይደለሁም።

ሻጩ ያለኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። «ይለቅ ይሆን?» ብዬ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ፣ «እህቴ፣ ይህ እኮ ቀለም አይደለም፤ ብረቱ ራሱ ነው ሰማያዊ» አለኝ።

ወንድሜ፣ ሰማያዊ አሉሚኒየም የሚባል ነገር በምድር ላይ የለም። አሉሚኒየም ሲፋቅም ሲቆረጥም ሲቀልጥም ነጭ ብርማ ነው። ስልኩን ሰማያዊ የሚያደርገው አኖዳይዚንግ የሚባል ሥራ ነው። የተቀረጸው አሉሚኒየም በሰልፈሪክ አሲድ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ አሲዱ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ከዚያ ከኤሌክትሪክ አዎንታዊ ዋልታ ጋር ይገናኝና የብረቱ ገጽ ራሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ወደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይለወጣል። ኦክሳይዱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ማቅለሚያው እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በጣም በሞቀ ውሃ አፋቸው ይደፈናል። ሻጩ «ቀለም አይደለም» ሲል እንግዲህ ግማሽ ያህል እውነት አለው፤ በላዩ የተቀባ ነገር የለም፤ ሽፋኑ ከብረቱ የበቀለ ነው። ያልነገረኝ ውፍረቱን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንድ ማይክሮን ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የራስ ፀጉር እንኳ ከዚያ ይወፍራል። የከፈልኩበት ሰማያዊ እንግዲህ ያ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው በሙሉ ከጎኑ ተደርድሮ ከነበረው ብርማ ስልክ ጋር አንድ ነው።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታችሁ አንድ ሐብል ብታነሡ፣ ቅብ ከሆነ ባለሱቁ «ቅብ ነው» ይላችኋል፤ ዋጋውም የቅብ ዋጋ ነው። የስልክ ሻጭ ግን በቅብ ዋጋ አይሸጥም፣ ቅብ ነውም አይልም።

እስከ ውስጡ ድረስ አንድ ቀለም የሆነ ስልክ ደግሞ ተሠርቶ ያውቃል። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ኤን9 አካሉ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነበር፤ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተዋሃደ ስለነበር ቢጫርም ከሥሩ የሚወጣው ያው ቀለም ነው። «ብረቱ ራሱ ነው» የሚለው ንግግር ለዚያ ፕላስቲክ ቢነገር ያምር ነበር። እኛ ግን ፕላስቲክ ርካሽ ነው ብለን ንቀን ወደ ብረት መጣን።

ሁለተኛው ሙግት የሚመጣው ከሥራ ባልደረቦቼ ነው፤ ሻጩም ቢሆን ብሄድበት እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ «ከቨር ብታደርጊበት ኖሮ!»

አድርጌበታለሁ። ከተገዛበት ሳምንት ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግልጽ ሲሊኮን ከቨር ለብሶ ነው የኖረው፤ ማለትም ያን ሰማያዊ በቅጡ እንኳ አላየሁትም። ከቨሩ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር አቧራ ማጠራቀም ነው። ቢሮዬ ከለገሃር ብዙ አይርቅም። የኮሪደር ልማቱ ሥራ ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመሃል ከተማ መንገድ ሲቆፈር፣ ሕንፃ ሲፈርስ፣ ድንጋይ ሲቆረጥ ያየ ሰው ምን ዓይነት አቧራ እንደነበር ያውቃል። መንገዱ አምሯል፤ እሱን አልክድም። አቧራው ግን በከቨሩና በስልኩ መካከል ገብቶ ተቀምጧል። አንድ ቀን ከቨሩን ሳወልቀው በየማዕዘኑ ግራጫ ዱቄት ተከማችቶ አገኘሁ። የአሸዋ አቧራ አብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ (ቁጥሩ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይጭራል) 7 ነው፤ አሉሚኒየም 3 እንኳ አይሞላም። ስልኩ ከቦርሳ በወጣና በገባ ቁጥር ያ ዱቄት ጠርዙን ሲሞርድ ከርሟል። የቻርጀሩ ማስገቢያ ደግሞ ከቨር ምንም አያደርግለትም፤ እዚያ ጋ ከቨሩ ራሱ ክፍት ነው። የኬብሉ የብረት ጫፍ በየምሽቱ በጨለማ ቀዳዳውን ሲፈልግ የሚያንኳኳው ያንኑ ጠርዝ ነው።

ማዕዘኑ ለምን ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል ብዬ ብዙ አሰብኩበት፤ መልሱን ሳገኝ ንዴቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ኦክሳይዱ የሚያድገው ከብረቱ ገጽ ቀጥ ብሎ ነው። ሁለት ገጾች በስለት በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከዚህም ከዚያም ያደገው ሽፋን በደንብ አይገጣጠምም፤ በመካከሉ ደካማ ቦታ ይቀራል። ጠርዙ ክብ ከሆነ ችግሩ ይቀንሳል፤ ስለት ከሆነ ይብሳል። ሌላም አለ። ኦክሳይዱ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ለስላሳ ነው። ስልኩ በጠርዙ ሲመታ ብረቱ ይሰረጉዳል፤ ሽፋኑ ግን መተጣጠፍ ስለማይችል ተሰንጥቆ ይረግፋል። የቤት ቁልፌ ከኦክሳይዱ የሚለሰልስ ሆኖ ሳለ ማዕዘኑን ነጭ ያደረገው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ሁሉ የስልኩ ንድፍ አውጪዎች ከእኔ በፊት ያውቃሉ። ያም ሆኖ የካሜራውን ጠርዝ ስለታም አድርገው፣ ከጀርባው ከፍ አድርገው ሠሩት፤ ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥኩት ቁጥር የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልናገር። ጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮች ሁሉ ጭረት አልነበሩም። አንዳንዶቹ ከቁልፍና ከሳንቲም ተፍቆ ኦክሳይዱ ላይ የተጣበቀ የሌላ ብረት ዱካ ናቸው። እርጥብ ጨርቅ ይዤ በትዕግሥት ስጠርገው ብዙው ለቀቀ። ማዕዘኖቹ ግን አልለቀቁም፤ እዚያ የሚለቅ ነገር የለም፤ ራሱ ብረቱ ነው የሚታየው። ይህን የሚሞክር ሰው በረኪና እንዳይነካ። አክስቴ «በበረኪና ብታብሺው ይጠራል» ብላ ነበር፤ እግዚአብሔር ጠበቀኝ። በረኪና አልካሊ ስለሆነ ኦክሳይዱን ይበላል፤ ማቅለሚያውንም ያነጣል። የቀረኝን ሰማያዊ በአንድ ቀን ልጨርሰው ነበር።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ያስቀኛል፦ «ይህ የተለመደ ነው።»

ይህን መልስ የእኔ ሻጭ ቢሰጠኝ የመጀመሪያው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 አይፎን 5 ሲወጣ ጥቁሩ ዓይነት ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ጠርዙ ተልጦ አገኘነው ብለው ብዙዎች አማረሩ። የአፕል የገበያ ኃላፊ የነበረው ፊል ሺለር ለአንድ ደንበኛ በኢሜይል ሲመልስ፣ ማንኛውም የአሉሚኒየም ዕቃ ሲያገለግል ሊጫርና ሊላጥ፣ ተፈጥሯዊ ብርማ ቀለሙም ሊታይ ይችላል፤ የተለመደ ነገር ነው አለ። በዓመቱ አይፎን 5ኤስ ሲመጣ ያ ጥቁር ቀርቶ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ተተካ። የተለመደ ከሆነ ለምን ቀየራችሁት? እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አይፎን 17 ፕሮ ከቲታኒየም ወደ አሉሚኒየም ሲመለስ በካሜራው ጠርዝ ላይ ያው ወሬ እንደገና ተነሣ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የተለመደ ነገር ከሆነ በሳጥኑ ላይ ይጻፍ። ብርጭቆ በሚጓጓዝበት ካርቶን ላይ «ይሰበራል» ተብሎ ይጻፍ የለም? በስልኩ ዋስትና ወረቀት ላይማ ተጽፏል፤ የመልክ ጉዳት አይሸፈንም ይላል፣ በትንንሽ ፊደል።

መፍትሔ ፍለጋ አንድ የሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ነበር። እንደገና ማቅለም ይቻል እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀ። ልክ ነው፤ አካሉ ባዶውን ካልወጣ፣ የድሮው ሽፋን ካልተነሣ፣ እንደገና አሲድ ገንዳ ካልገባ አይሆንም። ያለው አማራጭ ከሌላ ቦታ የመጣ አካል መግጠም ነው፤ ውሃ እንዳይገባ የሚያደርገው ማጣበቂያ እንደ ፊተኛው ለመሆኑ ግን ማንም አይምልልኝም። በስተመጨረሻ ቤቴ ተቀምጬ ተመሳሳይ ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ፈልጌ ማዕዘኖቹን ቀባሁ። ለሁለት ቀን ያህል አማረ። ከዚያ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ተነሣ፤ ከፊቱ ይልቅ አስቀያሚ ሆነ፤ በአሴቶን አጠብኩት።

ስሸጠውስ? ያገለገለ ስልክ የሚገዛ አንድ ሰው ስልኬን ተቀብሎ ሳያበራው በአውራ ጣቱ ማዕዘኖቹን ዳሰሰ። «ብዙ ወድቋል» አለ። አልወደቀም ብል አላመነኝም። የጠራልኝ ዋጋ ስለ ማዕዘኖቹ እንጂ ስለ ስልኩ አልነበረም። ማያው ያለ አንዲት ጭረት፣ ውስጡ ጤነኛ የሆነ ዕቃ፣ ከፀጉር በሚሳሳ ነገር ምክንያት ዋጋው ወረደ። ያን ጊዜ ነው የሻጩ «ብረቱ ራሱ ነው» በብር ተተምኖ የታየኝ። ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ።

የሥራ ጓደኛዬ ያንኑ ሞዴል ብርማውን ነው የገዛችው። ቦርሳዋ ከእኔ ይብሳል፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ መስታወት፣ የልጅ መጫወቻ ሁሉ አብሮት ይንገጫገጫል። የእሷም ሽፋን አኖዳይዝድ ነው፣ የእሷም ማዕዘን ተልጧል፤ ከሥሩ የወጣው ግን ያው ብርማ ስለሆነ በቅርብ ካልተመለከቱት አይታወቅም። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የእሷ አዲስ፣ የእኔ ያረጀ ይመስላል። እሷ ስትመርጥ ይህን ሁሉ አስባ አይደለም፤ ሰማያዊው አላማራትም ነበር። አይገርምም?

ስለዚህ ብርማውን ግዙ። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን፣ በመስኮቱ ውስጥ የሚያምረውን ሁሉ እለፉት። እኔ ስልኩን ሙሉ በሙሉ እስኪሞት እይዘዋለሁ፤ ከቨሩንም አውልቄ ጥዬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው ነገር የለም። የሚቀጥለውን ልገዛ ስሄድ ሻጩ ሰማያዊ አውጥቶ «ይህ እኮ ቀለም አይደለም» ካለኝ፣ ቁልፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠርዙን አንዴ ልሞክረው እንዲፈቅድልኝ እጠይቀዋለሁ።