የሃይሉክሴን የኋላ አክስል ሳሪስ አሠርቼ መጣሁ

መኪናዬ የድሮ ሃይሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ ፎር ባይ ፎር። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ እመላለስበታለሁ። ስወጣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ ስወርድ አፕል እጭናለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ1,300 ሜትር ገደማ ትነሳና 40 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ታርፋለህ። ዶርዜ ጋ ስትደርስ አንተ ጋቢ ያምርሃል፣ ሞተሩ ግን ይፈላል።

የፋብሪካ ሞተሩ ፋይቭ ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነበር። ታማኝ ነው፣ መንገድ ላይ ጥሎህ አይቀርም፤ ግን ቱርቦ የለውም። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ከኋላዬ ሚኒባስ እየጮኸብኝ፣ ዓመታት ታገስኩ። አምና ግን አንጀቴ ቆረጠና ዋን ኬዜድ የሚባለውን ባለ ቱርቦ የቶዮታ ሞተር አስገባሁ።

የገጠመልኝ ጋራዥ ስሙ ይቅር። «ዲፈረንሻሉስ?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ አክስሉ መሐል ሆኖ የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያካፍለውን ማለቴ ነው። «የቶዮታ ዕቃ ነው፣ ምንም አይለውም» አሉኝ። እውነትም አራት ወር ምንም አላለውም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ሚኒባሱን ቀደምኩት።

በአምስተኛው ወር፣ ዝናብ ባረጠበው ጠመዝማዛ ላይ ለከባድ መኪና ቆሜ አሳለፍኩ። ልነሳ ፍሪሲዮን ስለቅ ከበታቼ «ቋ!» አለ። ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ ገብቷል፣ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የሰፈሩ ልጆች ጎማው ሥር ድንጋይ ባይወረውሩልኝ ይህን አልጽፍም ነበር። ሲሚንቶውን አንድ ደግ ሰው በረንዳ ላይ አራገፍን። ጉልበቱን ወደ ኋላ አክስል የሚወስደውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ ፈታሁና በፊት ጎማ ብቻ እየተሳብኩ አርባ ምንጭ ወረድኩ።

የሆነው ይኸው ነው። ፋይቭ ኤል የማዞር ጉልበቱ 200 ኒውተን ሜትር ቢጠጋ ነው። ዋን ኬዜድ እንደ ሞዴሉ ከ290 እስከ 340 ይሰጣል። ይህ ሞተሩ ጫፍ ላይ ነው። አንደኛ ማርሽ አራት ጊዜ ያህል ያበዛዋል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በአራት ተኩል። 3,600 ይቀምስ የነበረ ብረት 5,400 ሲመጣበት፣ ከላዩ ከአንድ ቶን በላይ ሲሚንቶ ተጭኖ፣ ምን ያድርግ?

ወደ ሳሪሱ ጋራዥ የመራኝ የሶዶ ሹፌር ጓደኛዬ ነው። መኪናውን በአይሱዙ አስጭኜ ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ታፔላ የለውም፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። ባለቤቱ ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሠራተኛውም ደንበኛውም «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም በዚያው ቀጠልኩ።

«ስንት ከረጢት ጭነህ ነበር?» አሉኝ።

«ሃያ።»

ዝም ብለው አዩኝ።

«ሃያ አምስት፣ ጋሼ።»

«አሁን ተግባባን» አሉና ልጁን ክሪክ አስመጡት።

ሲፈታ ያየሁትን አልረሳውም። ከካርዳኑ ጋር የሚዞረው ትንሹ ባለ ጥርስ ብረት፣ ፒኞኑ፣ ሁለት ጥርሱ ተገንጥሎ ዘይቱ ውስጥ ተኝቷል። ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ኮሮናው፣ ሦስት ቦታ ተሸራርፏል። ከሁሉ የገረመኝ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው። ዲፈረንሻል ውስጥ የሚገባው ጫፉ ላይ ቀጥ ብለው መቆም የነበረባቸው ጥርሶች እንደ ሹሩባ ተጠምዝዘዋል። ጋሼ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ አሳዩኝ። «ይሄ አንድ ቀን አይደለም የተጠመዘዘው» አሉ። ለካ በየዳገቱ ትንሽ ትንሽ ሲዞር ኖሯል፤ እኔ ሚኒባስ ስቀድም።

የላንድክሩዘር አክስል ሙሉውን ይገጠምልኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የሰባ ሲሪስ ላንድክሩዘር የኋላ ኮሮና 9.5 ኢንች ነው፣ የሃይሉክስ 8። ደግሞም በዚያኛው የጭነቱን ክብደት የሚሸከመው የአክስሉ ቤት (የውጭ ብረቱ) ነው፣ ዘንጉ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። የኛ ሃይሉክስ ዘንግ ግን ያዞራልም፣ ይሸከማልም። ጋሼ ግን አልወደዱትም። የባሌስትራ መቀመጫው ይቀየራል፣ ካርዳኑ ይቀየራል፣ የፍሬን መስመሩ ይቀየራል። የጥርስ ቁጥሩ ከፊተኛው ዲፈረንሻል ጋር ካልገጠመ ደግሞ ፎር ባይ ፎር ባስገባሁ ቁጥር ሁለቱ ይታገላሉ። የተጠየቅኩት ዋጋም በመጨረሻ ካወጣሁት ከእጥፍ በላይ ነበር።

የመረጡት መንገድ እዚያው 8 ኢንቹ ላይ መቆየት ነው፤ ከቱርቦ ሃይሉክስ የወጣ ልብ፣ ማለትም ኮሮናና ፒኞኑን የያዘውን የዲፈረንሻል ውስጥ ዕቃ፣ ማስገባት። ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፣ እዚያው ቤት ላይ ይገጥማል። ውስጡ ግን ይለያል። የኔ ሁለት ሳተላይት (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ዘንግ የሚያካፍሉት ትንንሽ ጥርሶች) ብቻ ነበረው፣ ይሄኛው አራት አለው። የጎን ኩሽኔታዎቹ ይተልቃሉ፣ ሁሉን የያዘው ቀልጦ የተሠራ ብረትም ወፈር ይላል። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አብረን ሄድን። የመጀመሪያውን አሽትተው ብቻ መለሱት፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። የሁለተኛው ጥርስ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ያለ ነገር ነበረው። ሻጩ «እናቴ ትሙት አዲስ ነው» ቢልም ጋሼ «እናትህን አቆይልን» ብለውት አለፉ። ሦስተኛው ላይ ጥርስ ቆጠሩ፤ ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 9። የፊተኛውም 41 እና 9 ነው። ተገዛ።

እኔ እንግዲህ ሥራው እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። አስገብተህ ቡሎን ታጠብቃለህ፣ አይደል? እዚህ ቤት አይደለም። ኮሮናውን ቢጫ ቀለም ቀቡትና በእጅ እያዞሩ ፒኞኑ የት ላይ እንደሚነካ አዩ። አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ሸሽቷል። ስለዚህ ፒኞኑ ወጣ፣ ኩሽኔታው በፕሬስ ተነቀለ፣ ከሥሩ ያለው ስስ ሮንዴላ በሌላ ተተካ፣ ተመልሶ ገባ፣ ተቀባ፣ ታየ። ሦስት ጊዜ! በሁለተኛው ላይ እኔ «ይበቃል» ልል ምንም አልቀረኝም። በሦስተኛው አሻራው የጥርሱ መሐል ላይ አረፈ። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ሁለት ቅጠል ወረቀት አይሞላም። መለኪያው መጀመሪያ 0.25 ያነብ ነበር። ዳር ያሉትን ማስተካከያዎች ነካ ነካ እያደረጉ 0.15 ላይ አቆሙት።

ፒኞኑ ላይ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የሚስተካከል ስስ ቀለበት ነበር። እሱን ጥለው በቶርኖ የተሠራ ወፍራም ቀለበት አስገቡ። ስሱ በከባድ ጉልበት ጊዜ ይበልጥ ይጨፈለቃል፣ ያኔ ፒኞኑ ይላላል፤ ምክንያቱ ይኼ ነው።

ከዚያ ብየዳው። የአክስሉ ቤት ጀርባ ላይ ስድስት ሚሊ ላሜራ ተቆርጦ እንደ ድልድይ ተበየደ። በያጁ ሁለት ጣት ያህል ይበይድና ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። ብረቱ እጅ እስኪያስነካ ይጠብቃል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ይመለሳል። ካልተጠበቀ ቤቱ እንደ ሙዝ ይጎብጣል፣ ያኔ ዘንጎቹ በየወሩ ኩሽኔታ ይበላሉ። በየመሐሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ እየወጠሩ ቀጥ ማለቱን ያያሉ። ሁለት ቀን ፈጀ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። አራት ቀን ተብዬ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። አልጋና ምግብ ኪሴን አራቆተው። ስልክ አያነሱም። የወጪውን ዝርዝር በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው የጻፉልኝ፤ ልብ 70,000፣ ኩሽኔታና ኦይል ሲል 18,000፣ ሁለት ያገለገሉ ዘንጎች 16,000፣ ላሜራውና የእጅ 40,000። 144,000 ብር። ርካሽ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው የመተንፈሻው ነገር ነው። አክስሉ ላይ አየር የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ብየዳው ሲሠራ ደፍነውት ረስተውታል። ዘይቱ ሲግል አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ገፋው። ሶዶ ስደርስ የግራው የኋላ ጎማ በዘይት ረጥቧል፣ ፍሬኑም ይሸታል። ጭነት ቢኖረኝ ምን ይውጠኝ ነበር? በአምስተኛው ሙከራ ጋሼ ስልክ አነሱ። አልተከራከሩም። «ጥፋቱ የኛ ነው፣ መካኒኩን አቅርብልኝ» አሉ። የሶዶውን ልጅ በስልክ መሩት፣ ሂሳቡንም በቴሌብር ላኩለት። ይህን ባያደርጉ ይህ ጽሑፍ ሌላ ይሆን ነበር።

መጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ባዶዬን ነዳሁ፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየቆምኩ አቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ ዘይቱ ተቀየረ። የዘይት መክፈቻው ማግኔት ላይ የተጣበቀው ግራጫ ዱቄት ብቻ ነው፣ ስባሪ የለም። አሁን ስድስት ወር ሆነው። ያንኑ ጠመዝማዛ በሳምንት ሦስቴ እወጣለሁ። ስወርድ፣ ነዳጅ ስለቅ፣ 60 እና 70 መካከል ትንሽ ያንጎራጉራል። ጋሼ «ያገለገለ ጥርስ ነው፣ ይዘፍናል» ብለውኛል። አልተባባሰም።

ጭነቴ ሃያ ከረጢት ላይ ቆሟል። አክስሉ ቢጠነክርም ባሌስትራውና ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው፤ ቁልቁለቱም የድሮው ነው። ሞተር ለምትቀይሩ ደግሞ፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስላለ ቦሎ ሳይደርስ አስመዝግቡ። እኔ ዘግይቼ ተንከራትቻለሁ።

ወደ ሳሪስ ከሄዳችሁ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ጋሼ ሶማሌ ተራ ናቸው። መኪናውን ስትረከቡም ከሥሩ ግቡና የመተንፈሻዋን ቀዳዳ በዓይናችሁ እዩ።