በቀኝ ሙሉ ቅየራ፣ በግራ ከፊል

ቀኝ ጉልበቴ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ ተቀይሯል፤ ከ2 ዓመት በኋላ በተሠራው ግራዬ ግን የተቀየረው የውስጥ ጎኑ ብቻ ነው። በሁለቱም የኮባልትና ክሮሚየም ብረት በፖሊኢታይሊን ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል። ልዩነቱ የሚሰማኝ ደረጃ ስወርድ ነው። ግራው የራሴ ጉልበት ነው እላለሁ፤ ቀኙ ግን፣ በውስጡ አጥንቶቹን አያይዞ የሚይዘው የኋለኛው መስቀልኛ ጅማት ወጥቶ በምትኩ የፕላስቲክ ጉጥ ስለገባበት፣ አንዳንድ ጊዜ ቀጭ ይላል። አያምም፤ እሰማዋለሁ እንጂ።

ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሣት ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ አለበት። ቀኙ እዚያ እስኪደርስ ተረከዜን በፎጣ እየጎተትኩ፣ ጥርሴን ነክሼ 6 ሳምንት ፈጀብኝ። ግራው በ3ኛው ሳምንት ደረሰ። ያም ሆኖ ከፊሉ ቅየራ የሚሆነው ጉዳቱ በአንድ ጎን ሲወሰንና ጅማቶቹ ጤነኛ ሲሆኑ ነው፤ ዳግም ቀዶ ሕክምና የማስፈለጉ ዕድልም ከሙሉው ይበልጣል። ይህን ሳይደብቅ አስቀድሞ የነገረኝን ሐኪም አከብረዋለሁ።