በሐዋሳ የተከታተልሁት የላንድስኬፕ አርክቴክቸር መሰናዶ ሥልጠና

የአርክቴክቸር ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ ሁለተኛውን በላንድስኬፕ አርክቴክቸር፣ ማለትም ግቢን፣ መናፈሻንና ሌሎች ከሕንፃ ውጭ ያሉ ቦታዎችን በሚነድፈው ሙያ፣ ለመቀጠል ሳስብ፣ ትምህርቱ ምን እንደሚጠይቅና ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያስገኝ ቀድሜ ለማወቅ፣ ሐዋሳ ውስጥ አንድ አማካሪ ቢሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን የሁለት ወር ሥልጠና ተከታትያለሁ።

የሥልጠናው ትልቁ ብርታት ከክፍል መውጣቱ ነው። በሐይቁ ዳርቻ የዋርካ ሥር ፈንቅሎ ያነሣውን የእግረኛ መንገድ ንጣፍ አሠልጣኛችን በእጁ እየዳሰሰ፣ ለሥሩ የሚበቃ አፈር ስላልተተወለት ጉዳቱ ገና በንድፉ ላይ እንደተጀመረ አስረዳን። በሌላ ቅዳሜ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ ሞላንበትና ሰርጎ እስኪያልቅ ሰዓት ያዝን፤ የዕፅዋቱ ምርጫም ሆነ የውሃ ማጠጫው ጊዜ ከዚህ ልኬት እንደሚነሣ በደንብ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ቅር ያሰኘኝ ስለ ሥራ ዕድል የተሰጠው ገለጻ ነው። ትምህርቱ በሃርቫርድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 መጀመሩን በሰፊው ሲተርኩልን፣ እዚህ አገር ማን እንደሚቀጥር ግን በጥቂት ደቂቃ አለፉት። እኔ እንደማየው በኮሪደር ልማት፣ በሪዞርቶችና በሪል እስቴት ግቢዎች ሥራው አለ፤ ይሁን እንጂ ብዙ አሠሪ የሚፈልገው አትክልተኛ ብቻ ስለሚመስለው፣ ተመራቂው የመሬት ተዳፋትን፣ የጎርፍ መውረጃንና የዋጋ ግምትን አጥርቶ ማወቅ ይኖርበታል። ክፍያው ለተማሪ ከበድ ቢልም፣ ለመስክ ልምምዱ ሲባል አርክቴክቸር ወይም የደን ሳይንስ ለሚያጠኑ እመክረዋለሁ።