«አልጋ ኮምቦልቻ»፦ አዲሱን ድረ ገጻችንን ለፍለጋ ያዘጋጀልን የደሴ ቢሮ

ኮምቦልቻ ውስጥ ከቤተሰቤ ጋር የማስተዳድረው ባለ 22 ክፍል ፔንሲዮን ለብዙ ዓመታት ያለ ድረ ገጽ ሠርቷል። እንግዶቻችን ለሥራ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመጡ ባለሙያዎች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችና ወደ ሰሜን የሚያልፉ መንገደኞች ሲሆኑ፣ የሚያገኙን በሰው ጥቆማ ወይም በደላላ ነበር። ደላላውን ከመሐል ለማውጣት ስንል ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ ቢሮ ድረ ገጽ አሠራን። ከከፈልነው 48,000 ብር ውስጥ 14,000 ብሩ ድረ ገጹ ሲከፈት በፍለጋ ሞተሮች ላይ እንዲገኝ ለማዘጋጀት የተመደበ ነው፤ ይህ ግምገማም የሚመለከተው ይህንኑ ክፍል ብቻ ነው። ምስጋናዬ ከቅሬታ ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ የቢሮውን ስም አልጠቅስም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ኮምፒውተር አልተከፈተም። ሥራውን የያዘው ወጣት ወረቀትና እስክርቢቶ አቅርቦ፣ «ጋሼ፣ እንግዳ ስልክ ሲደውልልዎ የመጀመሪያው ቃሉ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ በድረ ገጹ አናት ላይ «ዘመናዊ የእንግዳ ማረፊያ» የሚል ጽሑፍ እንዲቀመጥ አስቤ ነበር፤ ሆኖም የሚደውል ሰው ሁሉ የሚለው «አልጋ አለ?» ነው። ማረፊያ የሚለውን ቃል ከደዋይ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ በእንግዳ መቀበያ ያለችው እህቴ ለአንድ ሳምንት ያህል የደዋዮችን ጥያቄ በደብተር እንድትመዘግብ ተደረገ፤ «አልጋ ስንት ነው?»፣ «መኪና ማቆሚያ አለው?»፣ «ሙቅ ውኃ አለ?»፣ «ከአየር ማረፊያው ምን ያህል ይርቃል?» የሚሉት ጥያቄዎች በዙ። የድረ ገጹ ርዕሶችና ንዑስ ርዕሶች የተጻፉት ከዚህ ደብተር ነው። ከከፈልኩት ገንዘብ ሁሉ ዋጋውን በእርግጥ ያወጣው ይህ አንድ ሳምንት ይመስለኛል።

ከቃሉ ቀጥሎ የመጣው የአጻጻፍ ጉዳይ ነበር። አማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ያሉት ቋንቋ በመሆኑ፣ አንዱ «ደሴ» ሲል ሌላው «ደሤ» ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የደሴ ስም በአንድ «ኤስ» እና በሁለት «ኤስ» ይገኛል። ወጣቱ እነዚህን ሁሉ በገጹ ላይ እንደ ጠጠር አልበተናቸውም፤ ዋናውን አጻጻፍ በርዕሱ ላይ አድርጎ፣ ሌላውን ተፈጥሯዊ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በአቅጣጫ መግለጫው ውስጥ አስገባ። እኔ ጨርሶ ያላሰብኩትን ነገርም አነሳ፦ በምሥራቅ ሐረርጌ ሌላ ኮምቦልቻ አለ። «አልጋ ኮምቦልቻ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የትኛውን እንደሚል ፍለጋ ሞተሩ ከቃሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልምና፣ በእያንዳንዱ ገጽ ርዕስና አድራሻ ላይ «ደቡብ ወሎ» እንዲጨመር፣ በመግለጫውም ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች መሆናችን እንዲጠቀስ ተደረገ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ለሚመጣ እንግዳ ይህ ግልጽ ነው፤ ለማሽን ግን ሊነገረው ይገባል።

ቢሮው በጽሑፉ ላይም አልተዘናጋም። ቀደም ሲል ያሠራኋቸው ማስታወቂያዎች ዋጋውና አገልግሎቱ በፎቶ ላይ የታተመባቸው ነበሩ፤ እነርሱን እንዳሉ እንዲለጥፉልኝ ብጠይቅም እንቢ ተባልኩ። በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንደ ገጽ ጽሑፍ አይቆጠርምና፣ ሁሉም እንደገና ተተየበ። አሮጌው የአገልግሎት ዝርዝራችን ደግሞ ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሚሰጠው ደረጃ) በፊት በነበረ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ሆኖ ተገኘ፤ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የሚመስለው ጽሑፍ ወደ ድረ ገጹ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም እንዲህ ያለ ፋይል በየቢሮው ተቀምጦ መገኘቱ አስገርሞኛል፣ የእኔው ቢሮ አንዱ ቢሆንም።

የገጾቹን አድራሻ በተመለከተ ትንሽ ተከራከርን። እኔ «የአልጋ-ዋጋ» ተብሎ በአማርኛ እንዲጻፍ ፈልጌ ነበር። ጎግል የግዕዝ ፊደል ያለበትን አድራሻ ማንበብ አያቅተውም፤ ሆኖም አድራሻው ተገልብጦ ሲላክ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ስለሚይዝ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፤ የእኔ 6 ፊደላትም 54 የፐርሰንት፣ የቁጥርና የላቲን ፊደል ምልክቶች ይሆናሉ። ወጣቱ በቴሌግራም ልኮ ሲያሳየኝ አጭበርባሪ የላከው ሊንክ መሰለኝ። አድራሻው በላቲን ፊደል እንዲሆን፣ በገጹ ላይ የሚነበበው ግን አማርኛ እንዲሆን ተስማማን። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ገጽ አንዱ የሌላው ትርጉም መሆኑን የሚያመለክተው ምልክትም ተቀምጧል።

የቀረው ቴክኒካዊ ሥራ በአግባቡ ተሠርቷል፤ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። በድረ ገጹና በጎብኚው መካከል ያለውን ግንኙነት የሚጠብቀው የኤችቲቲፒኤስ ምስክር ወረቀት በነጻ ከሚሰጡት ሲሆን በራሱ ይታደሳል። እያንዳንዳቸው 6 ሜጋባይት ያህል የነበሩት የክፍሎቹ ፎቶዎች ተጨምቀው ከ200 ኪሎባይት በታች ወረዱ። ጎግል ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ድረ ገጾችን የሚመዘግበው (በፍለጋ እንዲገኙ ወደ ማውጫው የሚያስገባው) በስልክ የሚታየውን ገጽታ መሠረት አድርጎ ነውና፣ ሙከራው በሙሉ በርካሽ ስልክ ላይ ተደረገ። ድረ ገጹ በፍለጋ ላይ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየው ሰርች ኮንሶል የተባለ ነጻ የጎግል መሣሪያም በዲኤንኤስ (የድረ ገጹ ስም ወዴት እንደሚመራ በሚናገረው መዝገብ) ላይ በተጨመረ መስመር ተረጋግጦ፣ ባለቤትነቱ በእኔ አካውንት፣ ቢሮው ግን በተጋባዥ ተጠቃሚነት እንዲገባ ሆነ። አንዳንድ ባለሙያ ይህንን በራሱ ስም ይዞ ደንበኛውን እንደሚያስር ሰምቼ ስለነበር ይህ አሠራራቸው አስደስቶኛል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከመክፈቻው ቀን ነው። ድረ ገጹ በሙከራ ላይ ሳለ በፍለጋ እንዳይገኝ በሁለት መንገድ ተዘግቶ ነበር፦ አንደኛው ሮቦትስ በሚባለው ፋይል ሲሆን ለፍለጋ ሞተሩ «አታንብብ» ይላል፤ ሁለተኛው ድረ ገጹ በተሠራበት ዎርድፕረስ በተባለው ፕሮግራም ቅንብር ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ሣጥን ሲሆን «አትመዝግብ» ይላል። ጥቅምት 12 ቀን ሲከፈት ፋይሉ ተስተካከለ፤ ሣጥኗ ግን ተረሳች። በዚያው ቀን የገጾቻችንን ዝርዝር የያዘው ሳይትማፕ ለጎግል ተልኳል። እንግዲህ ኑ ብለን ጠርተን፣ በሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» ብለን ለጥፈን ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ተዘግተው ቢቀሩ ኖሮ ነገሩ ይበልጥ በተወሳሰበ ነበር፤ ምክንያቱም ገጹን እንዳያነብ የተከለከለ ማሽን በገጹ ውስጥ ያለውን «አትመዝግብ» የሚል ምልክትም አያየውም።

ይህ ለ19 ቀናት ማንም ሳያውቀው ቆየ። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛችን «በስማችሁ ፈልጌ አጣኋችሁ» ሲለኝ ወደ ደሴ ደወልኩ። ወጣቱ መጀመሪያ «አብሽሩ ጋሼ፣ አዲስ ድረ ገጽ ጊዜ ይወስዳል» አለኝ። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ምዝገባው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ጎግልም ይገልጻል። ይሁን እንጂ ሳያዩ ማጽናናትና አይቶ ማጽናናት ይለያያሉ። ሰርች ኮንሶልን እንዲከፍት አጥብቄ ስጠይቀው፣ ገጾቻችን በሙሉ «አትመዝግብ» በሚለው ምልክት ምክንያት መቅረታቸው እዚያው ተጽፎ ተገኘ። ሲመረመር ማስጠንቀቂያው በኢሜይሌም ደርሶኛል፤ እኔ ግን ኢሜይል በወር አንዴ የምከፍት ሰው ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱን ለእነርሱ ብቻ አልሰጥም፤ ነገር ግን ሣጥኗን የማንሳት ሥራ የተከፈለበት የእነርሱ ሥራ ነበር።

ወጣቱ ሳያመካኝ ጥፋቱን አምኖ፣ በዚያው ሰዓት አስተካክሎ፣ ለዋና ዋናዎቹ ገጾች የምዝገባ ጥያቄ አቀረበ፤ በ4ኛው ቀን በስማችን መገኘት ጀመርን። «አልጋ ኮምቦልቻ» ለሚለው ፍለጋ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለመታየት ግን ወደ 6 ሳምንት ፈጅቷል። ቢሮው ለማካካሻ የአንድ ወር ክትትል በነጻ ጨምሯል፤ በኅዳር ሰሞን ያመለጠንን እንግዳ ባይመልስልንም ተቀብዬዋለሁ።

ለሚዛኑ ሲባል ሳይጠቀስ ማለፍ የሌለበት፣ ይህ ቢሮ የማይችለውን ቃል አለመግባቱ ነው። ከእነርሱ በፊት ያነጋገርኩት ሌላ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በጎግል አንደኛ እንደሚያደርገኝ ምሎ ነበር፤ የደሴዎቹ ግን አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጎግል ራሱ እንደሚያስጠነቅቅ አሳዩኝ። ያ ሰው በ5,000 ብር ሊሸጥልኝ የነበረው «የቁልፍ ቃላት ምልክት» (በገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ የቃላት ዝርዝር) ደግሞ ጎግል በ2009 እ.ኤ.አ. ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የገለጸው ነገር ሆኖ ተገኝቷል።

በካርታ ላይ የመገኘት ጉዳይ በውሉ ውስጥ አልነበረም፤ መኖር ነበረበት። ለፔንሲዮን ካርታው ከድረ ገጹ የሚያንስ አይደለም፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከመኪናው ሳይወርድ አልጋ የሚፈልግ ሾፌር ካርታ ነው የሚከፍተው። በካርታው ላይ የምንታይበትን የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል እህቴ ራሷ አስመዘገበች፤ ማረጋገጫው በቪዲዮ ስለተጠየቀ ከአስፋልቱ ጀምራ ታፔላችንን፣ በሩንና የመቀበያውን ጠረጴዛ ቀረጸች። በድረ ገጹና በካርታው ላይ ያለው ስምና ስልክ አንድ ዓይነት መሆኑን ያመሳከረችውም እርሷ ናት። ቢሮው ይህንን በጥቅሉ ውስጥ ቢያካትተው 14,000 ብሩ ያለ ክርክር ተገቢ ዋጋ ይሆን ነበር።

በዚህ ወር ከፔንሲዮኑ ሥር ለከፈትነው ምግብ ቤት የሚሆን ድረ ገጽ እንዲሠሩልን ለዚያው ቢሮ ሰጥቻለሁ። በውሉ ላይ የጨመርኩት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ የመጨረሻው ሲሶ ክፍያ የሚፈጸመው ድረ ገጹ በተከፈተ ቀን ሳይሆን፣ ዋናው ገጽ መመዝገቡን በእኔው ስልክ ሰርች ኮንሶልን ከፍተን አብረን ባየን ቀን ነው። ወጣቱ አንቀጹን አንብቦ ስቆ ፈረመ።