ኦስትያ አንቲካ፦ የሮማውያን ሽንት ቤት ቱር በላብራቶሪ ሰው አይን

ሮም የአክስቴ ልጅ ጋ ሰንብቼ ነበር፣ እሷ ናት ይሄን ቱር ያስያዘችልኝ። "ኮሎሲየምማ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ አንተ ስራህ ሰገራ ማየት አይደል? ላንተ የሚሆን አግኝቻለሁ" ብላ እየሳቀች። እውነቷን ነው፣ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ፣ በቀን ስንት ስላይድ ወስፋትና ጃርዲያ እንደማይ እኔና ማይክሮስኮፔ ነን ምናውቀው። ቱሩ ግማሽ ቀን ነው፣ ስለ ጥንት ሮማውያን ህክምናና ንጽህና። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ከ5 ኮከብ 3.5 ሰጥቻለሁ፣ ምክንያቱን ላውራችሁ።

ኦስትያ ድሮ የሮም ወደብ ነበረች፣ ቲቤር ወንዝ ባህሩ ውስጥ ሚገባበት ቦታ ላይ። ወንዙ ደለል እያመጣ ሲከምር ባህሩ ራሱ ሸሽቷት አሁን ሜዳ ላይ ቀርታለች። ከሮም በባቡር ግማሽ ሰአት ቢሆን ነው። ጥላ እንደልብ የለም፣ ኮፍያና ውሃ ያዙ።

መጀመሪያ የወሰዱን የህዝብ ሽንት ቤቱ ጋ ነው፣ ፎረም ከሚባለው አደባባይ አጠገብ። የእብነበረድ አግዳሚ ላይ ወደ 20 ቀዳዳ ተደርድሯል፣ መሃል ላይ ግድግዳ የለ መጋረጃ የለ፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው እያወሩ ነው ሚጸዳዱት። ከስር ውሃ ይሄዳል። ጋይዳችን እንጨት ላይ የታሰረ ስፖንጅ አውጥታ አሳየችን (የሷ አዲስ ነው አይዟችሁ)፣ ያው የጋራ ነው ማለት ነው፣ ምሁራኑ ግን ለመጥረጊያ ነው ወይስ ቀዳዳውን ለማጽጃ እስካሁን ይከራከሩበታል። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ደብዳቤው ላይ የጻፈውንም ነገረችን፣ አንድ ጀርመናዊ ተጋዳይ ከአውሬ ጋር ሊያዋጉት ሲሉ ሽንት ቤት ልግባ ብሎ ይሄንኑ ስፖንጅ ጉሮሮው ውስጥ ሰግስጎ ራሱን አጠፋ። ከዛ ወዲያ ስፖንጁን ማየት አልቻልኩም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተስተካከለው። ጋይዷ "ሮማውያን በንጽህና ከዘመናቸው የቀደሙ ነበሩ" ምናምን ስትል እጄን አውጥቼ "ሽንት ቤቱ ቆንጆ ነው፣ ትሉስ ቀነሰ ወይ?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና የያዘችውን ወረቀት አጠፈች፣ ከዛ በኋላ ያወራችው ነው ገንዘቤን የመለሰልኝ። በ2016 የወጣ ጥናት አለ አለች፣ ከሮማውያን ዘመን የተገኘ የቆየ ሰገራና የመቃብር አፈር ተመርምሮ፣ ያ ሁሉ መታጠቢያና የውሃ ቦይ ከመጣ በኋላም ወስፋቱ፣ ትራይኩሪሱ (ሌላ የአንጀት ትል ነው) እና ተቅማጥ ሚያመጡት ነገሮች አልቀነሱም። ለምን? አንዱ ግምት የከተማው ሰገራ ለእርሻ ማዳበሪያ ይወጣል ነው፣ በደንብ ሳይብላላ ሰላጣው ላይ ከተደፋ እንቁላሉ ተመልሶ ገበታ ላይ ይመጣል። ይሄንን እኮ እኔ በየቀኑ ነው ማየው! የአሳ ኮሶ ትልንም ጨመረች፣ ጋሩም የሚሉት ሳይበስል ተብላልቶ ሚሰራ የአሳ ስጎ ነበራቸው፣ ትሉን አገር ላገር ያዞረው እሱ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ጥሬ ስጋ በልቶ ኮሶ ሲጠጣ ከኖረ ህዝብ መጥቼ ልፈርድባቸው አልችልም።

መታጠቢያው ጋ ስንደርስ ደግሞ ወለሉ ላይ የባህር አምላካቸው ኔፕቱን በባህር ፈረሶች ሲጎተት በጥቁርና ነጭ ጠጠር ተስሏል፣ በጣም ያምራል። ውሃውስ? ክሎሪን የለ፣ ያልታመመውም የታመመውም እዛው ነው ሚነከረው፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ታጠብ ብለው ያዙ ነበር። ንጉሱ ማርከስ ኦሬሊየስ እንኳ መታጠቢያ ማለት ዘይት፣ ላብ፣ እድፍና ቅባታም ውሃ ነው ብሎ ተጸይፎ ጽፏል። ስለ ህክምና የጻፈው ሮማዊ ሴልሰስ ደግሞ ቁስል ሳይጠራ መታጠብ ወደ መበስበስ ይወስደዋል ብሎ አስጠንቅቋል፣ መቅላት ማበጥ መሞቅ መታመም የሚሉትን አራቱን የኢንፍላሜሽን (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶች የጻፈው ሰውዬ ነው፣ እኛም ኮሌጅ ተምረናቸዋል። ጀርም ሳያውቅ እዚህ መድረሱ ይገርመኛል። ሐኪሙ ጋሌን በበኩሉ የሆድ ትልን ሶስት አይነት ብሎ ለይቷል፣ ግን ከበሰበሰ ነገር በሙቀት የሚፈጠሩ ነው ሚመስለው። እንቁላል ሚያሳየው ማይክሮስኮፕ የለው፣ ምን ያድርግ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የአዋላጇ ታሪክ ነው። መቃብሯ ያለው ኢሶላ ሳክራ የሚባል ሌላ ቦታ ስለሆነ በታብሌት ፎቶ ነው ያየነው። ስክሪቦኒያ አቲኬ ትባላለች፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረች፣ መቃብሩን ለራሷም ለባሏም ለእናቷም ያሰራችው እሷ ናት። ፊት ለፊቱ ላይ የሸክላ ቅርጽ አለ፣ ምጥ የያዛት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላ ሴት ከኋላ ደግፋ ይዛታለች፣ አዋላጇ ዝቅ ብላ ተቀምጣ እጇን ዘርግታ ፊቷን ግን ወደ ጎን አዙራለች። ሶራኑስ የሚባለው ሐኪም አዋላጅ እናትየዋን እንዳታሳፍራት አፍጥጣ አትይ ይላል፣ ጥፍሯም አጭር ይሁን ይላል። በሌላው ቅርጽ ላይ ባሏ ማርከስ ኡልፒየስ አሜሪምኑስ የአንድ ሰው እግር ሲያክም ይታያል። ባልና ሚስት ጤና ባለሙያ! የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት፣ አዋላጇን አይታ "ይቺን እኮ የማታ ተረኛ ሆና አውቃታለሁ" አለች።

አሁን ወደ ተቀነሰው 1.5። የመግቢያ ትኬቱ ዋጋው ውስጥ የለም፣ ይሄን በር ላይ ስንደርስ ነው የነገሩን። ጆሮ ላይ ሚደረገው ነገር ግማሹን ሰአት ይንጫጫል። ሽንት ቤቱ ጋ የፎቶ ሰልፍ ስለነበር ቆመን ቀረን፣ ለአዋላጇ የተረፋት አስር ደቂቃ ነው። ጥያቄ ካልጠየቃችሁ ደግሞ ሚነገራችሁ ያ የተለመደው "ከዘመናቸው የቀደሙ" ነው፣ ስለዚህ ጠይቁ። ጠዋት በሚነሳው ሂዱ፣ ጫማችሁ ወፍራም ሶል ይኑረው፣ መንገዱ ድንጋይ ነው። ምሳ ከቱሩ በፊት ብሉ።